ከለንደን ችሎት እስከ ፓሪስ ውል

በ1930 ዓ.ም. ስደተኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለንደን ላይ ክስ ነበራቸው። ተከሳሹ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ፣ ጉዳዩ ደግሞ ኩባንያው ለኢትዮጵያ መንግሥት በቴሌግራፍ ውል መሠረት የነበረበት ከ10 ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ ዕዳ ነው። ኩባንያው ዕዳውን አልካደም። የጨነቀው ለማን እንደሚከፍል ነበር፤ ኢጣሊያም ገንዘቡ የኔ ነው ብላ ነበርና።

ሐምሌ ላይ ዳኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈረዱ። ሙሶሊኒ አዲስ አበባ በተያዘች በአራተኛው ቀን ኢትዮጵያን የኢጣሊያ ግዛት አድርጌያለሁ ብሎ አውጆ ነበር፤ ብሪታንያ ግን በሕግ የምታውቀው የኢትዮጵያ ገዥ ገና ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የሄግ የጦርነት ደንብም ቢሆን ወራሪ ጦር የያዘውን አገር ለጊዜው እንዲያስተዳድርና የነበረውን ሕግ እንዲያከብር ነው የሚያዘው። የአገሩን ሉዓላዊነት አያወርሰውም።

ኩባንያው ይግባኝ አለ፤ ይግባኙ ሳይወሰን ግን ነገሩ ተለወጠ። ኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም. ብሪታንያ ከሮም ጋር ለመታረቅ ስትል የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ አወቀች። ይህን የሚገልጽ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የምስክር ወረቀት ለችሎቱ ቀረበ፤ ፍርዱም በዚያው ወር ተገለበጠ። የባሰው ደግሞ የኢጣሊያ መብት ወደ ኋላ ተስቦ ከታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲቆጠር መደረጉ ነው። በዚያ ታኅሣሥ ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ገና እየተዋጉ ነበር! ሕጉ አገር በጉልበት እንደማይወረስ ያውቅ ነበር፤ አሳልፈው የሰጡት መንግሥታት ናቸው። ሁሉም ግን አይደሉም፤ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ሜክሲኮ ወረራውን አላወቁም። አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ ውለታ ነው።

የለንደንን ቀን የሻረው ሌላ ቀን ነው። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ነፃነት አወቀች። ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ የወሰደችውን እርምጃ ኢትዮጵያ ብትሽር ሕጋዊ መሆኑንም ተቀበለች። ያ ቀን የኢጣሊያ ጦር መረብን የተሻገረበት ነው። ለሌሎቹ አገሮች ጦርነቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ስለነበር፣ ይህ ለኢትዮጵያ ትልቅ ድል ነበር።

ኃላፊነቱ ግን በቅጡ አልተከፈለም። ለግሪክ 105 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ሲወሰን ለኢትዮጵያ የተወሰነው 25 ሚሊዮን ነበር፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው ከኢጣሊያ በተገኘው የካሳ ገንዘብ ነው። ኢጣሊያ ራሷ በተቀበለችው የ1925ቱ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተከለከለው የመርዝ ጋዝ በወታደርም በገበሬም ላይ ዘንቦ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን የወራሪውን ጦር አዛዦች ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ በኢጣሊያውያን ላይ የቀረበውን የኢትዮጵያ ክስ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለፈጸሙት ወንጀል ለፍርድ የቀረበ ከነዚህ አንድም የለም። የተዘረፈው ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስም ውሉ አዞ ነበር፤ የአክሱም ሐውልት ግን አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው።