ሦስት ወንበር፣ ሦስት ስኒ

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት በሰፈራችን መብራት ጠፋ። የስልኬም ባትሪ ቀደም ብሎ አልቆ ነበርና እጄን የማሳርፍበት ነገር አጣሁ። እናቴ ከሰል አያይዛ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አያቴ በልጅነቷ ምንጭ ወርዳ እንስራዋ ስለ ተሰበረባት፣ እናቷንም ፈርታ እስኪመሽ ስለ ተደበቀችባት ቀን አወጋችኝ። ስትጨርስም፣ «ባለፈው ሳምንት ነግሬህ የለ?» አለችኝ። አንዲት ቃል እንኳ አላስታወስኩም። ያን ጊዜ ዓይኔም ጆሮዬም ስልኬ ላይ ነበሩ። አፈርኩ።

በዚያ ሰሞን ወደ አሜሪካዊው ጸሐፊ ወደ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ታሪክ የተመለስኩት ይህ ኀፍረት ገፋፍቶኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1844 ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በቴሌግራፍ መልእክት ላከ። በዚያው ዓመት የባቡር ሐዲድ በማሳቹሴትስ ግዛት ወደምትገኘው የቶሮ የትውልድ ከተማ፣ ወደ ኮንኮርድ ደረሰ። ወሬም ሰውም ፈጠነ። በቀጣዩ ዓመት፣ ሐምሌ 4 ቀን 1845፣ ቶሮ ገና 28 ዓመት ሳይሞላው በዋልደን ኩሬ ዳር በወዳጁ በራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን መሬት ላይ በሠራት ጎጆ መኖር ጀመረ። ጎጆዋ 3 ሜትር በ4.5 ሜትር ያህል ነበረች። ሳንቃዋን ያገኘው ከአንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የገዛትን ጎጆ አፍርሶ ነው። ወጪውን አስልቶ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል መዘገበ። በውስጧ አልጋ፣ ጠረጴዛና ሦስት ወንበሮች ነበሩ። ባቄላ ዘራ፣ አነበበ፣ ጻፈ፣ በጫካው ተንሸራሸረ። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር በዚህ ዓይነት ኖረ።

ሆኖም ቶሮን እንደ ባሕታዊ አድርገን አንሳለው። ከተማው በእግር የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ነበር፤ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመላለሳል፣ እንግዳም ይቀበላል። ባቡሩ ራሱ በኩሬው ጥግ ያልፍ ነበር። በዚህ የሚነቅፉት አሉ። እኔም የምጨምረው ነቀፋ አለኝ፤ ቶሮ በሃርቫርድ የተማረ፣ ሚስትና ልጅ የሌለው ሰው ነበር። አያቴ ግን በእንስራ ውኃ የተሸከመችው መርጣው አልነበረም፤ ያ ኑሮ ደስታ ነው ብላት ትስቅብኝ ነበር። ድህነትን «ቀላል ኑሮ» ብሎ ማወደስ የጠገበ ሰው ቅኔ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሰው ምን ተረፈኝ? አንድ የሒሳብ ዘዴ። ቶሮ የአንድን ዕቃ ዋጋ የሚተምነው ለእርሱ ሲባል በሚሰጠው የዕድሜ መጠን ነበር። ስለ ቴሌግራፉም የጠየቀው ሽቦው በሁለቱ ጫፍ ያሉትን ሰዎች የሚያነጋግር ቁም ነገር አላቸው ወይ ብሎ ነው። እኔም በዚህ ሒሳብ ስልኬን መዘንኩት። ባለፈው ሳምንት የከፈልኩበት ዋጋ አያቴ ነበረች።

ቶሮ መስከረም 6 ቀን 1847 ጎጆውን ለቀቀ። «ዋልደን» የተሰኘው መጽሐፉ በ1854 ታተመ፤ እርሱም በ1862 በ44 ዓመቱ አረፈ። ጫካው ለእርሱ የዘላለም ቤት አልነበረም፤ እኔም ስልኬን ወንዝ አልጣልኩትም።

የዚያን ምሽት መብራቱ ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች በደስታ ጮኹ። እኔ ግን ስልኬን ቻርጅ ላይ ያደረግኩት በረካው ከተጠጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ስኒ እንጠጣለን፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገኝ ጥቂት ነው።

ባለፈው እሑድ የእንስራዋን ታሪክ ድገሚልኝ አልኳት። አያቴን ከተደበቀችበት ያወጣቻት፣ ሳትቆጣ በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤት የወሰደቻት፣ ያቺው የተፈራችው እናቷ መሆኗን የሰማሁት ገና አሁን ነው።