ከበግ ዕጢ እስከ ክኒን

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው የአበው ብሂል በችግር ላይ ችግር መደረቡን ለማመልከት ይነገራል። ብሂሉ ለሕክምና ታስቦ የተነገረ ባይሆንም፣ በአንገት ፊት ለፊት ስለሚገኘው የታይሮይድ ዕጢና ስለ ሕክምናው ታሪክ ግን አጥብቆ ይናገራል። ይህ ዕጢ ሲደክም ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ የልብ ምት ይዘገያል፤ የአንጀት እንቅስቃሴም ስለሚዳከም የሆድ ድርቀትና መነፋት ይከተላል። ሕመምተኛው ይህን ለማቃለል ሲል በራሱ ፈቃድ የሚደርበው ነገር አንዳንድ ጊዜ ከሕመሙ የማያንስ ጣጣ ያመጣበታል። ነገሩ የዛሬ ብቻ ሳይሆን የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ያለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1811 በርናር ኩርትዋ የተባለ ፈረንሳዊ ለባሩድ ሥራ የሚውል ጨው ከባሕር አረም አመድ ሲያዘጋጅ ሐምራዊ ጭስ ተመለከተ። ይህ ንጥረ ነገር አዮዲን ነበር። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንስዋ ኳንዴ አዮዲንን ለእንቅርት ሕመምተኞች ሰጥቶ እብጠታቸው መቀነሱን አስታወቀ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ሳይመጠን በብዛት በመወሰዱ ብዙዎች በልብ ትርታና በክሳት ተጎዱ፤ ሐኪሞችም ፈርተው ተዉት። ጥፋቱ የአዮዲን ሳይሆን የመጠኑ ነበር። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው ግን ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ትክክለኛው መንገድ የተገኘው ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1922 በስዊዘርላንድ፣ በ1924 ደግሞ በአሜሪካ በሚሺገን ክፍለ ሀገር፣ አዮዲን በጥቂቱ ተመጥኖ በገበታ ጨው ውስጥ ይጨመር ጀመር። እንቅርት የደጋው ሕዝብ የቆየ ሕመም በሆነባት በኢትዮጵያም ይኸው ዘዴ ተሠርቶበት ነበር፤ ነገር ግን በ1998 ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ጨው ቀርቶ የአፍዴራ ጨው ሲተካ ሥራው ተሰናከለ። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204 ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ ግዴታ አደረገ። ጥቂት ፖታሲየም አዮዴት በአንድ ቶን ጨው ውስጥ እኩል እንዲዳረስ ማድረግ ደግሞ በመሠረቱ የሐኪም ሳይሆን የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ዕጢው ራሱ ለደከመበት ሰው ግን አዮዲን መጨመር ብቻውን አይበቃም። በ1883 የበርኑ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር፣ ዕጢያቸው ተጠርጎ የወጣላቸው ሕመምተኞች እንደሚያብጡና እንደሚፈዝዙ ገለጸ። በ1891 የእንግሊዙ ሐኪም ጆርጅ መሪ ከበግ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራ በ1919 ስታርፍ፣ ለእርስዋ መድኃኒት ሲባል ዕጢያቸው የተወሰደው በጎች ከ870 በላይ ሆነው ነበር። በ1892 ሄክተር መኬንዚና ኤድዋርድ ፎክስ ዕጢው በአፍ ቢወሰድም እንደሚሠራ አረጋገጡ። ፎክስ የበጉን ዕጢ ቀለል አድርጎ አስጠብሶ ከፍሬ ማርማላታ ጋር ያስበላ ነበር። መርፌው ቀርቶ መድኃኒቱ በሆድ በኩል ማለፍ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው፤ የሆድ ጉዳይም ከሕክምናው ጋር ለዘለቄታው ተቆራኘ።

የበግ ዕጢ ኃይሉ ከበግ በግ ስለሚለያይ መጠኑን በትክክል መወሰን አይቻልም ነበር። ኤድዋርድ ኬንዳል በታኅሣሥ 25 ቀን 1914 ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ለይቶ አወጣ፤ ከዚያም ከሦስት ቶን ያህል የአሳማ ዕጢ ያገኘው 33 ግራም ብቻ ነበር። በ1927 ቻርልስ ሃሪንግተንና ጆርጅ ባርገር ሆርሞኑን በቤተ ሙከራ ሠሩት። ከዚህ በኋላ መድኃኒቱ በማይክሮግራም የሚመዘን ክኒን ሆነ። የደም ምርመራው ሲሻሻል ደግሞ ቲ ኤስ ኤች የተባለውን የፒቱታሪ ዕጢ ሆርሞን መለካት ተቻለ። ይህም ሆርሞን እንደ ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው፤ ታይሮክሲን ሲያንስ ከፍ ይላል፤ ሲበዛ ዝቅ ይላል።

ዳሩ ግን የተዋጠው ሁሉ ወደ ደም አይገባም። ክኒኑ በጨጓራ አሲድ ከሟሟ በኋላ በትንሹ አንጀት የሚመጠጠው ከመቶ 60 እስከ 80 ያህሉ ነው፤ ይህም በባዶ ሆድ ሲወሰድ ነው። በ1992 በካናዳ በ14 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የብረት ማዕድን ክኒን ከታይሮክሲን ጋር አብሮ ሲወሰድ የመድኃኒቱ ኃይል እንደሚቀንስ ታወቀ። በ2000 በሎስ አንጀለስ በ20 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ካልሲየምም እንዲሁ እንደሚያደርግ አሳየ። በ2006 የታተመ የኢጣልያ ጥናት የጨጓራ ባክቴሪያ ያለባቸው ሕመምተኞች ከፍ ያለ መጠን እንደሚያስፈልጋቸው አመለከተ፤ በ2008 ደግሞ ቡና መመጠጡን እንደሚያሰናክል ተገለጸ። ጧት ሳይነጋ ቡና ለሚፈላበት ቤት ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወጥመዱ እንዲህ ይዘረጋል። ሕመምተኛው ድካም ስለሚሰማው የብረት ክኒን ይገዛል፤ ለአጥንቱ ካልሲየም ይጨምራል፤ ቃር ሲነሣበት የአሲድ ማብረጃ ይወስዳል፤ ሁሉንም ከታይሮክሲኑ ጋር ባንድነት በጧት ቡና ይውጣል። መድኃኒቱ ሳይመጠጥ ይቀራል፤ ድካሙና የሆድ ድርቀቱ ይመለሳል። የብረት ክኒን ራሱ ሆድ ስለሚያደርቅ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ጸጉሩ ሲሳሳ ባዮቲን የተባለውን ቪታሚን ቢጨምር ደግሞ መለኪያው ራሱ ሊሳሳት ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ስለዚህ ነገር አስጠንቅቋል። ከባሕር አረም የሚሠራው የአዮዲን ክኒንም ቢሆን፣ በ1912 ጃፓናዊው ሐኪም ሐካሩ ሐሺሞቶ በገለጸው በሽታ ዕጢው ለተጎዳ ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። የኳንዴ ዘመን ስሕተት በአዲስ ጠርሙስ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

መፍትሔው ግን ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ ይኸውም ጊዜና ልክ ነው። ታይሮክሲን በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል፤ ብረትና ካልሲየም አራት ሰዓት ያህል ይራቃሉ። መጠኑ ሲለወጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ደም ይመረመራል፤ ባዮቲን የሚወስድ ሰውም ከምርመራው በፊት ለሐኪሙ ይናገራል። ሆድ ድርቀቱ ካልለቀቀ ሌላ ክኒን ከመጨመር በፊት የነበሩት እንዴት እንደሚወሰዱ መጠየቅ ይቀድማል።

ከ870 በጎች እስከ አንዲት ትንሽ ክኒን የተደረገው ጉዞ ሁሉ መጠንን የማወቅ ጉዞ ነበር። ያን ያህል ድካም የተከፈለበት ልክ በአንድ ስኒ ቡናና በአንድ እፍኝ ክኒን ሳይታወቅ እንዳይፈርስ መጠበቅ የየዕለቱ የሕመምተኛው ድርሻ ነው።