ዲክ ግሪጎሪ፦ 63 ኩንታል ምግብ በአውሮፕላን የጫነው ቀልደኛ

በየካቲት 1955 ዓ.ም አንድ አሜሪካዊ ቀልደኛ አውሮፕላን ተከራይቶ 14 ሺህ ፓውንድ ምግብ ወደ አገሩ ደቡባዊ ክፍል ላከ። በእኛ ልኬት 63 ኩንታል ገደማ መሆኑ ነው። ምግቡ የተጫነላቸው ሰዎች በሚሲሲፒ ግዛት የጥጥ እርሻ ላይ የሚኖሩ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። የተራቡት ዝናብ ቀርቶባቸው ወይም አንበጣ ወርዶባቸው አልነበረም። ለመራጭነት እንመዝገብ በማለታቸው የእርዳታ እህላቸው ተቋርጦባቸው ነው።

ቀልደኛው ሪቻርድ ክላክስተን ግሪጎሪ ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ዲክ ግሪጎሪ በሚለው አጭር ስሙ ነው። በአገራችን የቀልድ ካሴት ሲነሳ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ እንደሚታወሱ ሁሉ፣ በአሜሪካም ጥቁር ሰው በነጮች መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ ስለ ፖለቲካ ሲቀልድ የሚለው ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የእሱ ስም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሰፈሩት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ግሪጎሪ ጥቅምት 2 ቀን 1925 ዓ.ም በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ። ወቅቱ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ የነበረችበት ነው። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ የሚሄድ ሰው ነበር። እናቱ ሉሲል በነጮች ቤት ምግብ እያበሰሉና እያጸዱ ስድስት ልጆች አሳድገዋል። ቤተሰቡ ከመንግሥት ድጎማ የሚሰፈርለት ነበርና፣ ልጁ ገና በጠዋቱ የተረዳው ነገር ቢኖር እህሉ ሆድን ሲሞላ ስምን እንደሚያጎድል ነው። በግለ ታሪኩ እንደተረከው፣ ትምህርት ቤት ለችግረኞች መዋጮ ሲሰበሰብ አባቴ 15 ዶላር ይሰጣል ብሎ እጁን ቢያወጣ፣ መምህርቷ መዋጮው የሚሰበሰበው እንደ እሱ ላሉት መሆኑን በክፍሉ ፊት ነገረችው። ስንዴ ለመቀበል ሰልፍ ቆሞ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሩጫ ጎበዝ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማይል ሩጫ አሸናፊ ሆነና በዚያው የሳውዘርን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲን የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘ። ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1946 ዓ.ም ለውትድርና ተጠራ። በካምፑ በሚዘጋጁ የተሰጥኦ ውድድሮች ላይ መቀለድ የጀመረው በዚያ ነው። ከሠራዊቱ ሲሰናበት ወደ ቺካጎ ሄዶ ቀን በፖስታ ቤት፣ ማታ ደግሞ በትንንሽ የጥቁሮች መሸታ ቤቶች ይሠራ ጀመር። የራሱን የምሽት ክበብ ከፍቶም ነበር፤ ከሰረ። በ1951 ዓ.ም ሊሊያን ስሚዝን አገባ። አሥራ አንድ ልጆች ወልደው አሥሩ አድገዋል።

ሕይወቱን የለወጠችው ሌሊት ጥር 5 ቀን 1953 ዓ.ም ናት። የቺካጎው ፕሌይቦይ ክለብ የያዘው ቀልደኛ ሳይገኝ ቀርቶ ግሪጎሪ በ50 ዶላር ምትክ ሆኖ ተጠራ። በአዳራሹ የተቀመጡት ከደቡብ ግዛቶች ለስብሰባ የመጡ የበረዶ ምግብ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሁሉም ነጮች ናቸው። ሥራ አስኪያጆቹ ሰዎቹን አይተው ስለ ፈሩ ክፍያውን ወስዶ እንዲመለስ ሊያግባቡት ቢሞክሩም፣ እሱ ግን በቀጥታ ወደ መድረኩ ወጣ። መጀመሪያ ተሳደቡ፣ ቀጥለው ዝም አሉ፣ በመጨረሻ ሳቁ። የክለቡ ባለቤት ሂዩ ሄፍነር ተከታዩን ዝግጅት ራሱ መጥቶ አየና በውል ቀጠረው። ብዙም ሳይቆይ ታይም መጽሔት ስለ እሱ ጻፈ።

ያስቃቸው በምን ነበር? ከታወቁት ቀልዶቹ አንዱ በደቡብ ስለሚገኝ ምግብ ቤት ነው። አስተናጋጇ እዚህ ቤት ጥቁር አናቀርብም ስትለው፣ ግድ የለም እኔም ጥቁር ሰው አልበላም፣ ይልቅ ዶሮ አምጪልኝ ይላታል። በእንግሊዝኛው ማቅረብ የሚለው ቃል ምግቡንም ተመጋቢውንም ስለሚይዝ ነው ቀልዱ የሚሠራው። ሰሙን ይዞ ወርቁን ማሳየት፣ ወሎ ውስጥ አዝማሪ በሠርግ ቤት በየዕለቱ የሚያደርገው ነገር ነው። ግሪጎሪ አይጮህም፤ ሲጋራውን ይዞ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ለጎረቤቱ የሚያወራ ይመስል በዝግታ ይናገር ነበር። ስድቡ ነጩን አድማጭ በቀጥታ አይነካውም፤ ሕጉን ግን መሳቂያ ያደርገዋል።

በዚያው ዘመን በጃክ ፓር የሚመራው ታዋቂ የማታ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጋብዘው እምቢ አለ። ምክንያቱም ጥቁር አርቲስቶች ሥራቸውን አቅርበው በጓሮ ይሸኛሉ እንጂ እንደ ነጮቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠው አይጫወቱም ነበር። እቀመጣለሁ ካላችሁኝ እመጣለሁ አለ። ተፈቀደለትና ተቀመጠ። ገቢውም ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ተተኮሰ።

ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ ይጀምራል። ሜድጋር ኤቨርስ የተባለ የሚሲሲፒ የመብት ታጋይ በመራጮች ምዝገባ ስብሰባ ላይ እንዲናገር ጠራው፤ ግሪጎሪም ሄደ። ያየውን ለመረዳት የአካባቢውን እርሻ ማወቅ ያሻል። በሚሲሲፒ ዴልታ መሬቱ የጥቂት ነጭ ባለ ርስቶች፣ ጉልበቱ የጥቁሮች ነበር። አራሹ ጥጡን በእኩል ያርሳል። ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና ቀለቡን ከባለ ርስቱ ሱቅ በዱቤ ይወስድና፣ በምርት ጊዜ ዕዳው ሲቀነስ ከእኩሌታው ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ጭራሹን ዕዳ ይዞ ይከርማል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የመሬት አዋጅ ሳይደርስ በፊት የጢሰኛን ኑሮ ያዩ የሀብሩና የመርሳ ሽማግሌዎች ይህን ሥርዓት ሌላ ስም ሰጥተው ያውቁታል። በዴልታ ላይ ደግሞ የጥጥ መልቀሚያ ማሽን እየተስፋፋ ሲመጣ የጉልበት ሥራውም ቀነሰ። ክረምቱ ለእነሱ በልግም መኸርም የሌለበት የባዶ ጎተራ ጊዜ ነበር፤ የሚያሻግራቸውም ፌዴራል መንግሥቱ ከትርፍ ምርት እየገዛ በአውራጃዎች በኩል የሚያድለው ዱቄት፣ ሩዝና የወተት ዱቄት ነው።

በ1955 ዓ.ም መግቢያ የሌፍሎር አውራጃ ሹማምንት ይህን እደላ አቆሙ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ቀለቡ ተቋረጠበት። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ጊዜውም በግሪንውድ ከተማ የተማሪዎች ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ወጣቶች የመራጮች ምዝገባ የጀመሩበት ወቅት ነው። ሹማምንቱ ምክንያታቸው የበጀት ጉዳይ ነው አሉ። ሕዝቡ የተረዳው ግን ሌላ ነው።

ግሪጎሪ በቺካጎ ምግብ አሰባስቦ በአውሮፕላን ወደ ሜምፊስ አመጣ፤ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ሚሲሲፒ ገባ። ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሰልፎ ተረከበ። ይህን የሚያደርገው ለዝና ነው ያሉ የአካባቢው ባለሥልጣናት ነበሩ። እህሉ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ማንም ገበሬ ማስላት ይችላል፤ 63 ኩንታል ለ20 ሺህ ሰው ቢካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ከአንድ ጣሳ አይበልጥም። ስለዚህ የጭነቱን ዋጋ በኪሎ መመዘን ስህተት ይሆናል። ጋዜጠኞችና ካሜራዎች ቀልደኛውን ተከትለው መጡ። የእደላው መቋረጥ የዋሽንግተን ጉዳይ ሆነ። በፌዴራል መንግሥቱ ግፊትም በቀጣዮቹ ወራት እደላው ተመለሰ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለእህል የተሰለፈው ሰው በማግስቱ ለምዝገባ ወደ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሄዶ መሰለፉ ነው ሹማምንቱን ያስደነገጠው።

ግሪጎሪ በዚያው ጸደይ ወደ ግሪንውድ ተመልሶ በሰልፎቹ ፊት ሄደ። በሚያዝያ ወር መጨረሻ በአላባማ በርሚንግሃም ከብዙ መቶ ሕፃናት ጋር ታስሮ በእስር ቤት ተደበደበ። ዓመቱ ለእሱ መራራ ነበር። ሁለት ወር ተኩል የሆነው ወንድ ልጁ በዚያ ሰሞን ሞተ፤ ሰኔ 5 ቀን ደግሞ ወደ ሚሲሲፒ የጠራው ሜድጋር ኤቨርስ በቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። በነሐሴ 1957 ዓ.ም በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር ረብሻ ሲነሳ ሕዝቡን ለማረጋጋት ገብቶ እግሩን ተመታ።

በ1957 ዓ.ም የታተመው ግለ ታሪኩ ጥቁሮችን ለመስደብ የሚውለውን ቃል ርዕስ ያደረገ ነው። መታሰቢያነቱን ለሟች እናቱ ሰጥቶ፣ ያን ቃል ከእንግዲህ ስትሰማ የልጅሽን መጽሐፍ እያስተዋወቁ ነው ብለሽ ቁጠሪው የሚል ሐሳብ አስፍሮበታል።

በፊልሙ በኩል ያለው ታሪክ አጠር ያለ ነው። በ1959 ዓ.ም በወጣው ስዊት ላቭ ቢተር በተባለው ፊልም የሳክስፎን ተጫዋች ሆኖ ዋናውን ሚና ተጫውቷል፤ ኋላም በፓንተርና በዘ ሆት ቺክ ፊልሞች ላይ በትንንሽ ሚናዎች ታይቷል። ተዋናይነቱ የቀልደኛነቱን ያህል አልሄደም። በ1959 ዓ.ም ለቺካጎ ከንቲባነት፣ በ1961 ዓ.ም ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ 47 ሺህ ያህል ድምፅ አግኝቷል። ለቅስቀሳው ያሳተመው በራሱ ምስል ያጌጠ የአንድ ዶላር ኖት እውነተኛውን ገንዘብ ስለመሰለ ባለሥልጣናቱ ሰበሰቡት።

ከዚያ የመጣው ጾም ነው። በኅዳር 1960 ዓ.ም የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ለ40 ቀናት ያህል ከውሃ በስተቀር ምንም ሳይቀምስ ቆየ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ እስኪያበቃ ጠጣር ምግብ አልበላም ብሎ በጭማቂ መኖር ጀመረ። ከ120 ኪሎ በላይ የነበረው ክብደቱ ከግማሽ በታች ወረደ። በ1968 ዓ.ም፣ አሜሪካ ሁለት መቶኛ ዓመቷን ስታከብር፣ በሀብታሟ አገር ውስጥ የተራበ ሰው መኖሩን ለማሳሰብ ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ዮርክ ሮጠ። በ1972 ዓ.ም በቴህራን የታገቱት አሜሪካውያን እንዲፈቱ እዚያው ኢራን ድረስ ሄዶ ጾመ።

የሁዳዴንና የረመዳንን ጾም አዋቂ ለሆነው የወሎ አንባቢ ጾም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የግሪጎሪ ጾም ግን ከጸሎት ይልቅ ለአቤቱታ የቀረበ ነበር። ደግሞም ሊባል የሚገባው አለ። ግሪጎሪ አልቬኒያ ፉልተን የተባለች የሥነ ምግብ አዋቂ እየመከረችው፣ በፈለገበት ቀን ማዕድ ሊቀርብለት እየቻለ፣ መርጦ የተራበ ሰው ነው። በ1977 ዓ.ም በቆረም ሜዳ ላይ የወደቀው ሕዝብ አልመረጠም። እሱ ራሱም ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሲጾም የሚናገረው ስለ ራሱ ሆድ ሳይሆን ስለ ሌሎቹ ነበርና። ከዚያ በኋላ ስለ ረጅም ጾም ፈዋሽነት የተናገራቸው አንዳንድ ነገሮች ግን ሐኪሞች የሚቀበሏቸው አይደሉም፤ ስለ ኬኔዲና ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ግድያ ያራመዳቸው የሴራ ትንታኔዎችም ብዙ አነጋግረዋል። በ1976 ዓ.ም ክብደት መቀነሻ የዱቄት መጠጥ ይዞ ወደ ንግድ ገባ።

ዝናው ጣሪያ በነካበት ጊዜ የምሽት ክበብ መድረክን መተዉም ከሥራ ባልደረቦቹ ይለየዋል። በ1965 ዓ.ም ገደማ ሲጋራ በሚጨስበትና መጠጥ በሚሸጥበት ቤት አልሠራም ብሎ፣ ቤተሰቡን ይዞ በማሳቹሴትስ ግዛት በፕሊመዝ ወደሚገኝ እርሻ ሄደ። ሥጋ መብላት ካቆመ ቆይቶ ነበር። ገቢውን ያገኝ የነበረው ከዩኒቨርሲቲ ንግግሮች ነው።

ቀልደኞችና ረሃብ የተገናኙት በእሱ ብቻ አይደለም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከቆረም፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከተማ፣ ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን ካናወጠ በኋላ፣ የብሪታንያ ቀልደኞች ኮሚክ ሪሊፍ የተባለ የእርዳታ ማሰባሰቢያ አቋቋሙ። ጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስ ኢትዮጵያ መጥቶ ያየው ነገር ነው ያነሳሳው። ከቀልደኛው ሌኒ ሄንሪ ጋር ሆነው በታኅሣሥ 1978 ዓ.ም ሥራውን ከሱዳን የስደተኞች መጠለያ በቴሌቪዥን ይፋ አደረጉ። ከወልድያ አልፎ ወደ ሰሜን የሚሄደውን መንገድ ያኔ ያየ ሰው፣ በሎንዶን መድረክ የተሳቀው ሳቅ ስንት ጆንያ ስንዴ እንደሆነ ያስታውስ ይሆናል።

ግሪጎሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካንሰር ቢያዝም እስከ መጨረሻው መድረክ ላይ ነበር። በጥር 2007 ዓ.ም ስሙ በሆሊውድ የዝነኞች መንገድ ላይ በኮከብ ተቀረጸ። ነሐሴ 13 ቀን 2009 ዓ.ም፣ በእኛ የቡሄ ዕለት፣ በዋሽንግተን ዲሲ በ84 ዓመቱ አረፈ። ሆስፒታል በገባበት ሰሞን ቀጠሮ የተያዘላቸው ዝግጅቶች ነበሩት፤ ቲኬታቸውም ተሸጦ ነበር።