ፎሊክ አሲድ መቼ ይጀመር? ከኒካሕ ጀምሮ ለጽንስ ጤና መደረግ ያለበት ጥንቃቄ



በባምባሲም ይሁን በሌላው የአገራችን ገጠር አንዲት እናት ጀርባው ላይ እብጠት ወይም ክፍት ቁስል ያለበት ልጅ ስትወልድ ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ምን አድርጋ ነው?» የሚለው ነው። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፤ ሌላው ጂን ነክቷት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የእርግማን ወሬ ያመጣል። እናቲቱም ልጇን ከሰው ዓይን ትደብቃለች። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህሉን መከላከል እንደሚቻልና በተለይም መከላከያው መቼ መጀመር እንዳለበት እንመለከታለን። ብዙ ቤተሰብ መድኃኒቱን አጥቶ ሳይሆን ጊዜው አልፎበት ነው የሚጎዳው።

በማህፀን ውስጥ ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል መጀመሪያ እንደ ጠፍጣፋ ቅጠል ነው፤ ከዚያ ተጠቅልሎ ቱቦ ይሠራል። ይህ የነርቭ ቱቦ ተዘግቶ የሚያልቀው ጽንሱ በተፈጠረ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። ከታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ የጀርባ አጥንት ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) ይዞ ይወለዳል። እግሮቹ ሊዝሉ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ሊያቅተው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀምና ራሱ ከመጠን በላይ ሊያድግ ይችላል። ከላይ በኩል ካልተዘጋ ደግሞ የራስ ቅሉና አንጎሉ ሳይሟሉ ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለው ሕፃን በሕይወት አይቆይም።

በአገራችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ በ2019 የታተመ ጥናት ከ10,000 ወሊዶች በ131ዱ ይህን ችግር አግኝቷል። በአዲስ አበባ 3 የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ 126 አግኝቷል። የዓለም አማካይ ወደ 20 የሚጠጋ ነው። እርግጥ ከባድ እርግዝና ያላቸው እናቶች ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች ስለሚላኩ የሆስፒታል ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ያም ሆኖ ልዩነቱ በዚህ ብቻ የሚብራራ አይመስለንም።

ጊዜው የሚያመልጠን ለምንድን ነው?

28 ቀን ማለት የሴቲቱ የወር አበባ ከቀረ ገና 2 ሳምንት ገደማ ነው። ብዙ እህቶቻችን በዚያ ሰዓት ማርገዛቸውን አያውቁም፤ ቢጠረጥሩም ለሰው አይናገሩም። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ የእርግዝና ክትትል የጀመሩት ከ5 ሴቶች 1ዷ ብቻ ነበሩ። ጤና ጣቢያው የሚሰጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ ፍሬ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል፤ ለእናቲቱ ደም እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን በ4ኛው ወር የተጀመረ ፎሊክ አሲድ በ1ኛው ወር ሳይዘጋ የቀረውን ቱቦ መልሶ አይዘጋም።

ፎሊክ አሲድ ከቫይታሚን ቢ ወገን የሆነ፣ ሕዋሳት በፍጥነት ሲራቡ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ነው። ጥቅሙ በግምት የተወራ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1991 ውጤቱ በታተመ፣ በ7 አገሮች በተካሄደ ጥናት ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀንሷል። በማግስቱ ዓመት የታተመው፣ በሃንጋሪ የተካሄደው ሌላ ጥናት ደግሞ ችግሩ ደርሶባቸው የማያውቁ ሴቶችን የተመለከተ ነበር። ፎሊክ አሲድ ያለበትን ቫይታሚን ከወሰዱት ቡድን አንድም እንዲህ ያለ ልጅ አልተገኘም፤ ካልወሰዱት ግን 6 ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ማርገዝ የምታስብ ሴት ሁሉ ከመፀነሷ በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በቀን 400 ማይክሮ ግራም እንድትወስድ ነው። ከ2 ወይም 3 ወር በፊት ብትጀምር ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል።

እንግዲህ ትክክለኛው ጊዜ የት ይገኛል? እኛ ኒካሕ ነው እንላለን። በብዙ ቦታ ከኒካሕ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት መጠየቅ የተለመደ ሆኗል፤ መጀመሪያ ሲመጣ ያጉረመረመ ቢኖርም ዛሬ ማንም አይገረምበትም። ኒካሕ በሚታሰርበት ጊዜ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችና ኡስታዞች «ሙሽራዋ ፎሊክ አሲድ ጀምራለች ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ምንም አይከብድም። ኒካሕ ታስሮ ሙሽራዋ እስክትገባ ባለው ጊዜ ደግሞ መጀመር ይቻላል። የመህሩን ወርቅና የሰርጉን ልብስ የሚገዛ ባል የፎሊክ አሲድ ዋጋ አይከብደውም።

በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የ5 ሚሊ ግራም ፍሬ እንደሆነ ግን ልብ ይበሉ። ይህ ከ400 ማይክሮ ግራሙ ከ12 እጥፍ በላይ ነው። የሚሰጠውም በአብዛኛው ቀድሞ የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ልጅ ለወለደች፣ የስኳር ሕመም ላለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት በሐኪም ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት መጠኑን ለጤና ባለሙያ ያሳዩ።

ዱቄቱና ጨዉ

መንግሥት እ.ኤ.አ በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ አስገዳጅ ደረጃ አውጥቷል፤ ፎሊክ አሲድ በዱቄቱ ውስጥ ከሚጨመሩት አንዱ ነው። ለአዲስ አበባ ዳቦ በላተኛ መልካም ዜና ነው። በባምባሲ ግን ገንፎውም እንጀራውም በአብዛኛው ከማሽላና ከበቆሎ ነው፤ እህሉም ከጓሮ ተነስቶ በሰፈር ወፍጮ ቤት ይፈጫል። የፋብሪካ ዱቄት የማይገባበት ቤት በዱቄት ፖሊሲ አይደረስም። ለዚህም ነው ባለሙያዎች ፎሊክ አሲድን ከጨው ጋር የመጨመር ሐሳብ ሲያነሱ የቆዩት፤ ጨው የማይገባበት ጎጆ የለምና። ያ እስኪሆን ድረስ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመንና በአካባቢው ሞልቶ ያለው ባሚያ ይጠቅማሉ። ጎመኑን ብዙ ሰዓት ማንተክተክ ግን ያለውን ፎሌት ያጠፋዋል። ምግብ ብቻውን ለዚህ ጉዳይ በቂ ስላልሆነ ፍሬው አይተውም።

ስለ ጨው ካነሳን አዮዲን ለዚህ ክልል የተለየ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ቁጥሩ ከ30 በመቶ በላይ ከሆነባቸው ክልሎች አንዱ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነበር። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት እንኳ በሽታው ምን ያህል የቤት ሰው እንደነበር ይመሰክራል። እንቅርቱ አንገት ላይ ስለሚታይ ሰው የሚያስበው ስለ አንገቱ ነው፤ ትልቁ ጉዳት ያለው ግን ማህፀን ውስጥ ነው። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን መሥራት ስለማይችል የሚኖረው በእናቱ ነው። የእናቲቱ አዮዲን እጅግ ሲጎድል ልጁ የአእምሮ ዝግመት፣ የመስማት ችግርና የዕድገት መቀጨጭ ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ ጽንሱም ሊወርድ ይችላል።

እ.ኤ.አ በ2011 በወጣ ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ተደንግጓል። ይሁን እንጂ አዮዲን ይበንናል። ገበያ ላይ በፀሐይ የተሰጣ፣ ዝናብ የነካው ወይም ተከፍቶ የከረመ ጨው ስሙ አዮዲን ያለው ቢሆንም ውስጡ ላይገኝ ይችላል። የታሸገውን መግዛት፣ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከምድጃ አርቆ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። ይህ ለባለቤቲቱ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ገበያ የሚወጣው አባወራም ሲገዛ ይጠይቅ።

ቀደርና ሰበብ

«ልጅ የሚሰጠው አላህ ነው፤ የፈጠረውንም እንቀበላለን» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። እውነት ነው፤ ለተወለደው ልጅ ያለን አቀባበል ይኸው ነው። ነገር ግን ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ገበሬው ሳይዘራ ዝናብ አይጠብቅም። ከዚያም በላይ ሰበቡን ያደረሰች እናት እንኳ እንዲህ ያለ ልጅ ልትወልድ ትችላለች፤ ፎሊክ አሲድ ብዙውን እንጂ ሁሉንም አይከላከልም። ስለዚህ ልጁ ተወልዶ ሲገኝ «አልወሰድሽም ነበር» ብሎ እናቲቱን መክሰስ ከጂን ወሬው የተሻለ አይደለም።

የዘመድ ጋብቻም እዚህ ላይ መነሳት አለበት። የአክስትና የአጎት ልጆች መጋባት በሸሪዓችን ሐላል ነው፤ ማንም ሐራም ሊያደርገው አይችልም። ግዴታ ግን አይደለም። የሻፊዒያው ሊቅ ኢማም ነወዊይ «ሚንሃጅ» በተሰኘው የፊቅህ መጽሐፋቸው ሚስት የቅርብ ዘመድ ባትሆን እንደሚወደድ ጽፈዋል። በሕክምናው በኩል፣ በማንኛውም ጥንዶች ዘንድ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ያለበት ልጅ የመወለድ ዕድል ከ100 ወደ 2 ወይም 3 ነው፤ በአክስትና በአጎት ልጆች ዘንድ በግምት እጥፍ ይሆናል። ብዙኃኑ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ ማለት ነው። በቤተሰቡ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ወይም ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ልጆች ደጋግመው ከተወለዱ ግን በዚያው ዘር ውስጥ ሌላ ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት ቆም ብሎ ሐኪም ማማከር አማና ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ አጭር ነው፦ ማርገዝ የምታስብ ሴት የምትወስደውን ሁሉ ለባለሙያ ትናገር። በተለይ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድ ለነርቭ ቱቦ ችግር ያጋልጣል። በራሷ ማቋረጥ ደግሞ የባሰ አደጋ አለው፤ ሐኪሙ ይቀይርላት። ወባ በማይጠፋበት በዚህ አካባቢ ትኩሳት ሲመጣ ከሱቅ ፍሬ ገዝቶ መዋጥ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ሄዶ «ነፍሰ ጡር ነኝ» ማለት ይገባል፤ አጎበሩም ለእርሷ ይቅደም። ጫትና ሺሻ ይቅሩ። ወርቅ በባህላዊ መንገድ በሚወጣባቸው የክልሉ ቦታዎች ደግሞ ሜርኩሪ የሚነካ ወይም ጭሱን የሚያሸት ሥራ ላይ ነፍሰ ጡር አትገኝ፤ ቤት ውስጥም አይቀለጥ። ሜርኩሪ የጽንሱን አንጎል ይጎዳል።

በረመዷን ለራሷ ወይም ለጽንሷ የፈራች ነፍሰ ጡር ማፍጠር ተፈቅዶላታል፤ በኋላ ቀዷ ታወጣለች። ፍርሃቷ ለጽንሱ ብቻ ከሆነ በሻፊዒያ ፊድያ ይጨመራል፤ በሐነፊያ ግን ቀዷው ይበቃል። መጾም የቻለችውም ፍሬዋን በሱሑር ወይም ከፊጥር በኋላ ትዋጥ እንጂ ወሩን ሙሉ አታቋርጥ።

ችግሩ ያለበት ልጅ ከተወለደ

ጀርባው ላይ ክፍት ቁስል ያለበት ሕፃን የሚድንበት ጊዜ አጭር ነው። ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ቢደረግ ይመረጣል፤ ሲዘገይ ኢንፌክሽን ወደ አንጎል ይገባል። ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ቡናም ሆነ ቅጠል አይደረግ። ንጹሕ ጨርቅ በንጹሕ የጨው ውሃ (የጤና ጣቢያው ሳላይን) አርሶ መሸፈን፣ ሕፃኑን በሆዱ ወይም በጎኑ ማስተኛት፣ ጡት ማጥባትና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ አሶሳ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የሕፃናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥባቸው አንዱ ነው። መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለወለደች እናት ደግሞ ይከብዳል። የመስጂዱ ጀማዓ ለትራንስፖርትና ለማረፊያ ቢያዋጣ፣ ከቤተሰቡም አንድ ሰው አብሯት ቢሄድ ልጁ በሰዓቱ ይደርሳል።

ይህች እናት በድጋሚ ከማርገዟ በፊት የሚያስፈልጋት መጠን 400 ማይክሮ ግራም ሳይሆን በቀን 4 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ አገራችን ውስጥ ሐኪሞች የ5 ሚሊ ግራሙን ፍሬ ያዙላታል። ከሆስፒታል ስትወጣ ይህ መመሪያ በካርዷ ላይ እንዲጻፍላት ባሏ ወይም ወንድሟ ይጠይቅላት።