አጥንት ይሰማዋልን? ከኢብኑ ሲና እስከ ተተከለው ጥርስ



ምስር ወጥ ስንበላ አንዲት ጠጠር ጥርሳችን ላይ ብታርፍ መንጋጋችን ወዲያው ይቆማል። ጠጠሯን ያወቃት ማነው? ጥርሱ ነው ወይስ ሥሩ ያለው ሌላ ነገር? ጥያቄው የልጅ ይመስላል። ኢብኑ ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) ግን «አል-ቃኑን ፊጥ-ጢብ» በተሰኘው ኪታባቸው አንስተውታል። (ስለ ዐቂዳቸው ዑለማዎች ያሉትን እዚህ አናነሳም፤ ወሬያችን ስለ ሕክምናቸው ነው።) ከአጥንት ሁሉ ስሜት ያለው ጥርስ ብቻ ነው ይላሉ። የግሪኩን ሐኪም ጃሊኑስን ጠቅሰውም፣ ጥርስ ከአንጎል በሚመጣለት ኃይል ሙቅና ቀዝቃዛን እንደሚለይ ጽፈዋል።

የወለቀውን መተካትስ? እዚህ ላይ ሙስሊሞች መነሻ ነበራቸው። ሶሐባው ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው የብር አፍንጫ አሠሩ። ብሩ ሸተተባቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ ብዙ ዑለማዎች ጥርስን በወርቅ ማሰር የፈቀዱት ከዚህ ተነስተው ነው።

በኮርዶባ አቅራቢያ የኖሩት አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊም (ረሒመሁላህ) ባለ 30 ክፍሉ «አት-ተስሪፍ» መጨረሻ ላይ፣ የላላ ጥርስ በወርቅ ክር ከጎረቤቶቹ ጋር እንዴት እንደሚታሰር ያስተምራሉ። ብር እየቆየ ይበላሻል፣ ወርቅ ግን እንዳለ ይኖራል ይላሉ። ለወለቀውም ከበሬ አጥንት ተቀርጾ በቦታው ይታሰራል። ያ ጥርስ ግን ከመንጋጋው ጋር አልተዋሐደም፤ ጎረቤቶቹ ተሸክመውት ይኖራል።

ውሕደቱ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ስዊድናዊው ብሮነማርክ ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው ታይታኒየም አልነቀል አለው፤ አጥንቱ ይዞታል። በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መንጋጋ ላይ ተከለው።

አሁን ወደ ጠጠሯ እንመለስ። የተፈጥሮ ጥርስ ከመንጋጋው ጋር የተያያዘው በስስ ጅማት ነው፤ ጅማቱም በነርቭ የተሞላ ስለሆነ ከፀጉር ዘለላ የቀጠነ ነገር እንኳ ይለያል። የተተከለው ጥርስ ይህ ጅማት የለውም። ስለዚህ ምንም ሊሰማው አይገባም ነበር። ይሰማዋል! ደካማ ቢሆንም ንክኪውንና ጫናውን ሰውየው ያውቀዋል፤ ወራት ሲያልፉም ይሻሻላል። ጫናው በአጥንቱ በኩል አልፎ በአጥንቱ፣ በሽፋኑ፣ በድዱና በመንጋጋው መጋጠሚያ ያሉትን ነርቮች እንደሚቀሰቅስ ይታሰባል፤ የትኛው ዋነኛ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሱብሓነላህ፣ ስሜት የለውም የተባለው አጥንት ለብረት ስሜት አበደረው።

ጥርሱ ትንሽ ባመመው ቁጥር «ንቀሉልኝ፣ አስተክላለሁ» የሚል ወንድም ይህን ልዩነት ይወቅ። ታይታኒየም ኢብኑ ሲና የጠቀሱትን ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም። አይቦረቦርም፣ አይጠዘጥዝምም። በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ሊታመም ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሳያሳምም።