የዘመን ልወጣ ስሕተት በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ፤ የወለጋ ትምህርት ታሪክ ቀኖች እንደ መፈተኛ

በወለጋ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ መነሻ የሆኑት ዓመታት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ቦጂ የደረሱት በ1898፣ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በስዊዘርላንድ የታተመው በ1899፣ ሁለቱ ነቀምቴ ገብተው ማስተማር የጀመሩት በ1904 ነው። እነዚህን ወደ ኢትዮጵያ ዘመን ለመመለስ በኤክሴል የሚዘጋጁ ቀመሮችና ማክሮዎች በሦስት ነገሮች ይሳሳታሉ። ውጤቱ ትክክል መስሎ ስለሚታይም ስሕተቱ በቀላሉ አይያዝም።

አንደኛው ሁልጊዜ 8 መቀነስ ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ አውሮፓው ዓመት ፍጻሜ ልዩነቱ 7 ነው። ስለዚህ ወሩ ያልታወቀ 1904 «1896/97» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ቀመሩ አንዱን ሊመርጥ አይገባም።

ሁለተኛው ከፕሮግራሙ ታሪክ የመጣ ነው። በ1983 የወጣው ሎተስ የ1900ን ዓመት ባለ 366 ቀን አድርጎ ቆጠረ፤ ኤክሴልም ከእርሱ ጋር ለመስማማት ያልነበረውን ፌብሩዋሪ 29 ወረሰ። በሠንጠረዡ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ቁጥሩ 1 ሲሆን በማክሮው ቋንቋ፣ በቪዥዋል ቤዚክ፣ 2 ነው፤ ሁለቱ የሚስማሙት ከማርች 1 ቀን 1900 ወዲህ ነው። ከ1900 በፊት ያለውን ቀን ሠንጠረዡ እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል፤ ማክሮው ግን ይቀበለዋል።

ሦስተኛው የዘመን መለወጫ ነው። ዛሬ መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 11፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ግን 12 ይውላል። ይህ ደንብ ከ1900 በፊት አይሠራም፤ 1892 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1899 ነው።

መፍትሔው ሁሉን በዕለት መቁጠር ነው። ከዓመቱ 1 ተቀንሶ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ፣ ቀሪው ተጥሎ፣ ድርሻው ይደመራል፤ ከወሩ 1 ተቀንሶ በ30 ተባዝቶ ይጨመራል፤ በመጨረሻም ቀኑ ተደምሮ 1 ይቀነሳል። ከድምሩ 690798 ሲቀነስ የኤክሴል የዕለት ቁጥር ይገኛል። ኦነሲሞስ ያረፉበት ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. 11495 ይሆናል፤ ይኸውም ጁን 21 ቀን 1931 ነው። መስከረም 1 ቀን 1892 ዓ.ም. በማክሮው ከዜሮ በታች 110 ይሰጣል።

ማናቸውም ቀመር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በእነዚህ ሁለት ቀኖች ይፈተን። የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች ዕድሜ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ሕፃን ለአንደኛ ክፍል መድረስ አለመድረሱም የሚወሰነው በዚሁ ስሌት ነውና።