ከአስዋን እስከ ጉባ፦ ግድብን በቁጥር የማየት ታሪክ

ስለ ዓባይ ድርድር ሲወራ «ሞዴል» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይነሳል። የሙሌት ሞዴል፣ የድርቅ ሞዴል፣ የውሃ ፍሰት ሞዴል። ብዙ ሰው ይህ ኮምፒውተር ያመጣው ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከኮምፒውተር ይቀድማል፤ ከመነሻዎቹም አንዱ እዚያው ዓባይ ላይ፣ አስዋን ነው። (ከታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች አስዋን ላይ የመጀመሪያውን ግድብ በ1902 ጨረሱ። ብዙም ሳይቆይ አነሰ፣ ከፍ ይበል ተባለ። በዚህ መሃል፣ በ1904፣ የለንደኑ የሒሳብ ሊቅ ካርል ፒርሰን ከባልደረባው አቸርሊ ጋር ሆኖ መሐንዲሶች ስለ ድንጋይ ግድብ በሚሠሩት ስሌት ውስጥ የተዘነጋ ነገር አለ ብሎ ጻፈ። መሐንዲሶቹ ግድቡን የሚመረምሩት በሐሳብ በአግድም እየቆረጡ ነበር። ፒርሰን ደግሞ በቁም ቢቆረጥ፣ ከግርጌው ኋላ በኩል ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያላቅቅ ኃይል ሊገኝ ይችላል አለ። የድንጋይ ግንብ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን አይችልም። ክርክሩ ጦፈ። ከላስቲክ ትንሽ ግድብ ሠርተው፣ እየገፉ፣ መለጠጡን የለኩም ነበሩ።

ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለ ወጣት ሌላ መንገድ መረጠ። ግድቡን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በጎን እንደሚታይ አድርጎ ወረቀት ላይ አሰፈረና በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፈለው። ሙሉውን ግድብ የሚገልጸው እኩልታ በቀጥታ የሚፈታ አልነበረም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ግምታዊ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ያንን ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር ያስታርቃል፤ ስህተቱ እስኪያንስ ድረስ ከመጀመሪያው ይደግማል። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ግን ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ልጆች ቀጥሮ በሠሩት ልክ ይከፍላቸው ጀመር። ከፈጣኖቹ አንዱ በሳምንት በአማካይ 2000 ስሌት ይሠራ ነበር፤ የተሳሳተው አይታሰብለትም። ጥናቱ በ1910 ለሮያል ሶሳይቲ ቀረበ። ዛሬ ኮምፒውተሮች በሴኮንድ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ ያው የልጆቹ ሥራ ነው።

ውሃው የሚመነጭበት አገር በዚያ ወረቀት ላይ የለም። የሪቻርድሰን ሞዴል ስለ ዓባይ የሚያውቀው ክብደቱን ብቻ ነው፤ ለጥያቄውም ይህ ይበቃው ነበር።

ሪቻርድሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ በአምቡላንስ ሲያገለግል ያንኑ ዘዴ ለአየር ትንበያ ሞከረው። በእጁ አስልቶ ያገኘው ውጤት፣ የአየር ግፊቱ በ6 ሰዓት ውስጥ በ145 ሚሊባር ይጨምራል የሚል ነበር። በተባለው ቀን ግፊቱ ከነበረበት እምብዛም አልተነቃነቀም። ውድቀቱን ሳይደብቅ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አሰፈረው፤ ይህ ብቻውን ያስከብረዋል። ኋላ ስሌቱን በኮምፒውተር የደገሙት ተመራማሪዎች ስህተቱ የመጣው ከመነሻ ቁጥሮቹ መሆኑን አሳዩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ የልጆቹ ሥራ ወደ ማሽን ዞረ። የአውሮፕላን ክንፍ ለመመርመር የዳበረ ዘዴ ነበር፤ የበርክሊው ሬይ ክላፍ በ1960 «ፋይናይት ኤለመንት» የሚል ስም ሰጠው። ወዲያው ወደ ግድብ ተሻገረ፤ አርካንሳስ ውስጥ ያለውና ስንጥቅ የተገኘበት የኖርፎርክ ግድብ ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዘዴው ያልገባበት የምህንድስና ቤት የለም።

ኦገስት 23 ቀን 1991 ኖርዌይ፣ ስታቫንገር አጠገብ፣ ስላይፕነር ለተባለው የባሕር ላይ ጋዝና ነዳጅ ማውጫ የተሠራው ግዙፍ የኮንክሪት መሠረት ቀስ እያለ ወደ ውሃ እንዲወርድ እየተደረገ ነበር። 24 ክፍሎች ነበሩት። 65 ሜትር ላይ ሲደርስ አንድ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ፓምፖቹ ውሃውን አልቻሉትም። 220 ሜትር ላይ ካለው የባሕር ወለል ጋር ሲላተም በሬክተር መለኪያ 3 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። ሰው አልሞተም። 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ግን አብሮ ሰመጠ።

ስሌቱ የተሠራው ለናሳ ተብሎ በተፈጠረውና ዓለም ባመነው ናስትራን ነበር። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። ክፍሎቹ በሚገጣጠሙበት ማዕዘን ላይ መሐንዲሶቹ የሳሉት መረብ ግን ለቦታው የማይመጥን ሻካራ ነበር፤ ግድግዳውን እንደ መቀስ የሚቆርጠውን ኃይል በ47 በመቶ አሳንሶ አሳየ። በዚያው ቦታ የገባው ብረትም በቂ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ ስሌቱ በጥንቃቄ ሲደገም፣ መዋቅሩ 62 ሜትር ላይ ይሰበራል አለ። ከእውነተኛው ልዩነቱ 3 ሜትር ነው። ያው ዘዴ ነው፤ የተቀየረው የተሰጠው ነገር ነው።

ወደ ጉባ እንመለስ። በ2013 የባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ቡድን የሕዳሴው ግድብ በታችኛው ተፋሰስ ላይ የሚኖረው ውጤት በሞዴል እንዲጠና መከረ። ሦስቱ አገሮች የፈረንሳይ አማካሪዎች ቀጠሩ። በኖቬምበር 2017 ካይሮ ላይ ግብፅ የአማካሪዎቹን የመነሻ ሪፖርት ስትቀበል፣ ኢትዮጵያና ሱዳን ይሻሻል አሉ። ጠቡ በአመዛኙ «መነሻው ምን ይሁን» በሚለው ላይ ነበር። ግብፅ የ1959ኙ ስምምነት እንደ መነሻ ይያዝ ትል ነበር፤ ለራሷ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚሰጠውና ኢትዮጵያ ያልፈረመችው ስምምነት። ብዙ ዘገባ ይህን «የቴክኒክ አለመግባባት» ብሎ አልፎታል። አልነበረም። እዚያ መነሻ ላይ ቆሞ የሚሰላ ሞዴል፣ ኢትዮጵያ የምትይዘውን እያንዳንዱን ጠብታ ገና ስሌቱ ሳይጀመር ጉዳት አድርጎ መዝግቦታል። ኮምፒውተሩ ያንን ቁጥር አስውቦ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ ይህ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው። የሦስቱ አገሮች የጋራ ጥናት ግን ከመነሻ ሪፖርቱ ሳያልፍ ቀርቷል።